ከሀዋሳ በስተደቡብ የነበረው ተራራ
(በሀዋሳ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጥሪውን አክብራችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ዛሬ የምናገረው ስለ ሜታሞርፊክ አለት ነው፤ ምድር ውስጥ ሳይቀልጥ በሙቀትና በግፊት «በስሎ» ስለተለወጠ አለት ማለት ነው። ተማሪዎች ስሙን ታውቁታላችሁ። «አለት በሦስት ይከፈላል» ይባልና መጨረሻ ላይ ይጠራል፤ እብነ በረድ በምሳሌነት ይጠቀሳል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይታለፋል። ፈተና ላይም አንድ ነጥብ ቢያስገኝ ነው። እኔ ግን ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብባል የማነሳው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ በቦታው ስለሌለ ተራራና ካርታ ላይ ስለሌለ ውቅያኖስ የሚመሰክርልን እሱ ነውና።

ሀዋሳ ላይ ይህን አለት ፈልጋችሁ አትደክሙ። ከተማችን የተቀመጠችው ጥንት ፈንድቶ በሰመጠ ሰፊ እሳተ ገሞራ ውስጥ ነው። ታቦርም፣ ኮርቤቲም፣ በአካባቢያችን የሚቆፈረው ቀላል ነጣ ያለ ፑሚስም ከእሳተ ገሞራ የመጡ ናቸው፤ በምድር ዕድሜ ሲታዩ ገና ትናንት የተወለዱ። በአለታ ወንዶ አድርጋችሁ ወደ ክብረ መንግሥትና ሻኪሶ ስትሄዱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወንዝ በቆረጠው ገደልና በመንገድ ዳር የሚታየው አለት በስስ በስሱ የተነባበረ፣ የታጠፈ፣ ማይካ በሚባል ማዕድን የሚያብረቀርቅ ነው። ሺስትና ናይስ የምንላቸው እነዚህን ነው።

ሸክላ ሠሪ የተተኮሰ ገንቦ አይታ እሳቱ ምን ያህል እንደነበር ትናገራለች። እኛም በአለት ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው። አንዳሉሳይት፣ ካያናይትና ሲሊማናይት የሚባሉ ሦስት ማዕድናት አሉ፤ የተሠሩበት ንጥረ ነገር ፍጹም አንድ ነው። ግፊቱ አነስተኛ ሲሆን አንዳሉሳይት ይፈጠራል፣ ግፊት ሲበረታ ካያናይት፣ ሙቀት ሲያይል ሲሊማናይት። በእነዚህና ጋርኔት በሚባለው ቀይ ማዕድን ውስጣዊ ቅንብር አለቱ ስንት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ድረስ ወርዶ እንደነበር እናሰላለን።

የኛ የደቡቡ አለት ሞዛምቢክ ቀበቶ ከሚባለው ረጅም የአለት መስመር ጋር የተያያዘ ነው። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው አርተር ሆልምስ ነው። በዚህ ቀበቶ ውስጥ፣ ለምሳሌ በታንዛኒያ፣ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቁና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የነበሩ አለቶች ዛሬ ፀሐይ ይመታቸዋል።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በላያቸው የነበረው 30 ኪሎ ሜትር የት ሄደ? በአብዛኛው ተሸርሽሮ አልቋል። የአህጉር ቅርፊት፣ ማለትም የምድር የላይኛው ጠጣር ሽፋን፣ ውፍረት በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከዚህ ላይ 30 ከተነሳ ሊቀር የሚገባው ስስ ቁራጭ ብቻ ነበር። ነገር ግን ከእነዚህ አለቶች በታች ዛሬም ሙሉ ውፍረት ያለው ቅርፊት አለ። ሁለቱን ስትደምሩ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ትጠጋላችሁ። ሒሳቡ ሸካራ መሆኑን አልክድም፤ ከታች የሚጨመር ቅልጥ አለትም አለና። ይህን የሚያህል ውፍረት ዛሬ የት ይገኛል? ሕንድ ወደ እስያ እየገፋች ባለችበት፣ በሂማላያና በቲቤት። እንግዲያው በኛም በኩል ጥንት ሁለት አህጉሮች ተጋጭተው እንዲህ ያለ ተራራ አቁመው ነበር እንላለን።

ጎበዝ ተማሪ ግን እዚህ ላይ እጁን ያወጣል። «በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ቅርፊትም እንዲሁ ወፍራም ነው፤ እዚያ ግን የተጋጨ ሁለት አህጉር የለም» ይለኛል። ልክ ነው። አንዲስ የወፈረው የውቅያኖስ ወለል ከአህጉር ስር እየገባ ነው። ስለዚህ ውፍረት ብቻውን አይበቃም፤ በመካከል የነበረው ውቅያኖስ ተዘግቶ ማለቁን ማሳየት አለብን።

ማስረጃው ያለው ሩቅ አይደለም፤ አዶላ፣ እዚያው ክብረ መንግሥት አካባቢ ነው። በዚያ አካባቢ ብዙ ከበሰሉት ናይሶች መካከል ተጣብቆ፣ እምብዛም ያልበሰለ ጠባብ መስመር አለ። በውስጡ ሰርፐንቲናይትና ታልክ ያለበት ሺስት ይገኛል፤ የጥንት ውቅያኖስ ወለልና ከስሩ የነበረው አለት ቅሪት ነው። ባሕር በሌለበት፣ በጉጂ ምድር፣ የባሕር ወለል!

የቀረው ዘመኑ ነው። አለት ሲበስል ዚርኮን የሚባለው ደቃቅ ማዕድን በዙሪያው አዲስ ሽፋን ያበቅላል። በሽፋኑ ውስጥ ያለው ዩራኒየም ቀስ እያለ ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ የሁለቱ መጠን ሲነጻጸር ዕድሜው ይታወቃል። ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከማዳጋስካር፣ ከደቡብ ሕንድ፣ ከስሪላንካና ከምሥራቅ አንታርክቲካ የተወሰዱ ናሙናዎች ደጋግመው የሚሰጡት ዕድሜ ከ650 እስከ 500 ሚሊዮን ዓመት ባለው ውስጥ ነው። ዛሬ ውቅያኖስ የሚለያያቸው አገሮች በአንድ ዘመን አብረው ተጨፍልቀዋል ማለት ነው። ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር የተሰበሰበው በዚያ ዘመን ነው፤ አፍሪካ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ ዓረቢያ፣ ሕንድ፣ አውስትራሊያና አንታርክቲካ በአንድ ላይ።

ወላጆች ምን ይጠቅመናል ብትሉ፣ ሻኪሶ አጠገብ ያለውን የለገደንቢን ወርቅ አስቡ። አለቱ ሲታመቅ ከውስጡ የተጨመቀው ሙቅ ፈሳሽ ወርቁን ይዞ በስንጥቆች ሲወጣ፣ ከነጭ ኳርትዝ ጋር እዚያው አስቀረው። የሻኪሶ ሰው ድንጋይ ሲያይ ኳርትዙን የሚያስቀድመው በከንቱ አይደለም።

ታዲያ ያ ሁሉ የተጣበቀ ምድር አሁን በኛ ስር መልሶ እየተከፈተ ነው። ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። በምዕራባዊው የስምጥ ሸለቆ ክንፍ፣ በእነ ታንጋኒካ ሐይቅ በኩል፣ ስንጥቁ ጠንካራውን የታንዛኒያ ጥንታዊ ምድር እየሸሸ አሮጌዎቹን የግጭት መስመሮች ተከትሎ እንደሚሄድ በግልጽ ይታያል። የኛስ ምን ያህል የድሮውን ስፌት ይከተላል? ይህ ገና ብዙ ሥራ የሚጠይቅ ነው፤ ከእናንተ መካከል አንዱ ቢሠራው ደስ ይለኛል።

ናሙናዎቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ቀያይ እንክብል ያለው ጋርኔት የያዘ ሺስት ነው፤ በማጉያ መነጽር እዩት። ሲነኩት የሚያዳልጠው ታልክ ነው፤ በቀላሉ ስለሚፋቅ ግን በጥፍር አትሞክሩት። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።