ሚዜው ሙሽራውን ሲበልጥ፦ በጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ አጃቢዎችን በልካቸው መያዝ

ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ አጃቢ ነው የምናወራው።

በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ዳይስ እየተወረወረ ታሪክ በሚፈጠርበት የጠረጴዛ ጨዋታ፣ ተጫዋቾቹ ከያዟቸው ገጸ ባሕርያት ውጪ ያለው፣ ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) በራሱ አፍ የሚያናግረው ሁሉ ኤንፒሲ ነው። ባለሱቁ ኤንፒሲ ነው፣ ንጉሡም ኤንፒሲ ነው። እነሱ ችግር የለባቸውም፣ ቦታቸው ላይ ናቸው። የዛሬው ጉዳያችን አብሮ የሚሄደው ነው። ዋሻው ውስጥ አብሮ የሚገባው፣ ሰይፍ የሚመዘው፣ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ አስተያየት የሚሰጠው። ጨዋታ የሚያበላሸው እሱ ነው። ኤችፒ ገጸ ባሕርዩ ከመውደቁ በፊት የሚችለው የጉዳት መጠን ነው፣ ኤሲ ደግሞ እሱን ለመምታት ዳይሱ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር፤ ለቀረው የመጀመሪያውን ቪዲዮ እዩ፣ ሊንኩ ከታች አለ።

እሺ። ሰርግ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በጥር ወር ሰርግ ያልተጠራ ማን አለ! ሚዜውን አስቡት። ሚዜ ሥራ አለው፣ ያውም ብዙ። ጠዋት ሙሽራውን የሚያለብሰው ማነው? ሚዜ። የሙሽሪት ቤት ደጅ ላይ ሴቶቹ በሩን ዘግተው ሲያስቸግሩ የሚከራከረው ማነው? ሚዜ። ሽቶውን የሚረጨው? ሚዜ። የሙሽራውን ላብ በመሀረብ የሚጠርገው? እሱው። ፎቶው ሁሉ ላይ አለ፣ ግን ጠርዝ ላይ ነው። በሩ በእሱ ሽቶ ይከፈታል፣ አበባውን ይዞ የሚገባው ግን ሙሽራው ነው።

አሁን ደግሞ ሌላኛውን ሚዜ አስቡት። ታውቁታላችሁ፣ በየሰርጉ አንድ አይጠፋም። ከሙሽራው የነጣ ሱፍ የለበሰው! እስክስታ ሊያወርድ ክቡ መሀል ገብቶ አልወጣ ያለው። ማይክ ለሁለት ደቂቃ ተሰጥቶት ወጡ እስኪቀዘቅዝ የሚያወራው። ካሜራማኑ ሳይቀር ተሳስቶ እሱን ይከተላል። ሙሽራው ደግሞ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያጨበጭባል። በገዛ ሰርጉ ያጨበጭባል!

ልብ በሉ፣ ሰውየው ክፉ አይደለም። ጎበዝ ነው፣ ተጫዋች ነው፣ ድምፁም ያምራል። ጥፋቱ አንድ ነው፦ የሌላ ሰው ተራ ላይ ነው ያለው። ጠረጴዛችሁ ዙሪያ ሰዎች ስልክ መነካካት ከጀመሩ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ልቁም፣ ምክንያቱም ከተመልካቾች እየተደጋገመ የሚመጣ አንድ ነገር አለ። «አጃቢውን ደካማ ካደረግነው ሚዛኑ ይስተካከላል» ይላሉ። አይስተካከልም! ይሄ ነገር ዛሬ ይለይለት።

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ደንብ ተራ ጠባቂ ምንም አይደለም። ኤችፒው 11፣ ኤሲው 16፣ በጦር ሲወጋ ዳይሱ ላይ 3 ይደምራል፣ ከመታም በአማካይ 4 ጉዳት ነው። ፈታኝነቱ (ፍጡሩ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚለካበት ቁጥር) አንድ ስምንተኛ ነው። ከዚህ በላይ ደካማ ከየት ይምጣ? አሁን ሌቭል (የዕድገት ደረጃ) 3 ለሆኑ አራት ተጫዋቾች አራት ጠባቂ ጨምሩላቸው፣ ፊት ለፊት አንድ ኦገር፣ ማለትም ግዙፍ ጭራቅ፣ አቁሙ። ኦገሩ ኤችፒው 59 ነው፣ ኤሲው ግን 11 ብቻ። ጠባቂው 8 ወይም ከዚያ በላይ ካወጣ መታው፣ ከ20 ፊት 13ቱ ይሆኑለታል። አራቱ አንድ ላይ በዙር 10 ገደማ ጉዳት ያደርሳሉ። በሕይወት እስካሉ ድረስ፣ ተጫዋቾቹ ሳይነኩት፣ በ6 ዙር ኦገሩን ይጥሉታል። እነዚህ ናቸው ደካሞቹ!

ቆይ፣ አላለቀም። የኦገሩ ዱላ በአማካይ 13 ነው፣ ስለዚህ አንድ ጠባቂ ላይ ካረፈ አብዛኛውን ጊዜ ይጥለዋል። ጥሩ፣ ሞተ። ግን ያ ዱላ ተጫዋች ላይ ሊያርፍ የሚችል ነበር። የሞተው ጠባቂ የተጫዋቾቹን ፍርሃትም ይዞ ሄደ። ከዚያ ሰዓቱን ቁጠሩ። ተጫዋች ተራው ሲደርስ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢወስድ፣ አራቱ 6 ደቂቃ ነው። አራት ጠባቂና አንድ ኦገር አንድ አንድ ደቂቃ ቢወስዱ ሌላ 5 ደቂቃ፣ በየዙሩ፣ ዲኤሙ ከራሱ ጋር ዳይስ ሲወረውር! ፒያሳ ካፌ ውስጥ እሁድ ከሰዓት ሦስት ሰዓት ብቻ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ፣ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትመዝኑት የአጃቢውን ጉልበት አይደለም፣ ተራውን ነው። በፍልሚያ ውስጥ አጃቢዎች በሙሉ ተደምረው አንድ ተራ ይኑራቸው፣ አንድ ብቻ።

«እኛ ግን ሁለት ብቻ ነን» የምትሉ፣ እናንተ እውነት አላችሁ። ፈጠን ልበል፦ ኦገሩ 450 ኤክስፒ (ሲሸነፍ የሚያስገኘው የልምድ ነጥብ) ነው። ለአራት የሌቭል 3 ተጫዋቾች ቀላል የሚባለው ፍልሚያ ከ300፣ መካከለኛው ከ600 ስለሚጀምር ቀላል ነው። ለሁለት ሲሆን የ2014ቱ ደንብ በ1.5 አባዙ ይላል፣ 675 ይሆናል። የሁለት ሰው ከባድ 450፣ ገዳይ ደግሞ 800 ነው፣ ስለዚህ ያው ኦገር ከባድ ሆነ። አጃቢ ያስፈልጋችኋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ተጨማሪ ደንብ ፈታኝነቱ ከግማሽ የማይበልጥ ፍጡር መርጣችሁ ተዋጊ፣ አስማተኛ ወይም ባለሙያ አድርጋችሁ ከቡድኑ ጋር እንድታሳድጉ ይፈቅዳል። ገባችሁ? ካልገባችሁ መልሳችሁ ስሙት።

የተቀረው ሥራ የካርቶን ቁራጭ ነው። የመዳፍ ያህል ካርቶን፣ አምስት መስመር። ለምሳሌ መንገድ መሪያችን ባሻ ጉልላት፦ ኤሲ 13፣ ኤችፒ 16። ጦር፣ ሲደመር 3፣ ጉዳት 4፣ የጉዳት ዳይስ አይወረወርም፣ ቁርጥ ነው። የሚችለው፦ ዱካ ማንበብ። የሚፈልገው፦ የጠፋች በቅሎውን። የሚፈራው፦ ውሃ። በቃ። ከዚያ ካርቶኑን ለአንድ ተጫዋች ስጡ! ዲኤሙ የባሻን አፍ ይይዛል፣ ተጫዋቹ ጦሩን ይይዛል። ተራቸው አንድ ላይ ይመጣል። (ባለ 20 ፊት ዳይስ ያላገኛችሁ ስልክ ላይ የሚሠራ አፕ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ አለ። ሰብስክራይብም አድርጉ፣ ነፃ ነው።)

ባሻ ደግሞ ሁልጊዜ መውጋት የለበትም። ደንቡ ላይ መርዳት የሚባል ድርጊት አለ፤ ባሻ ኦገሩን ሲያዋክብ ከጎኑ ያለው ተጫዋች ሁለት ዳይስ ወርውሮ ትልቁን ይወስዳል። 11 ማውጣት ላለበት ሰው ዕድሉ ከ50 ወደ 75 በመቶ ይዘላል። ሽቶው ይሄ ነው! ባሻ ረጨ፣ ተጫዋቹ ገባ።

እውቀትም እንደዚያው። የተዘጋ የድንጋይ በር አለ እንበል፣ ላዩ ላይ ጽሑፍ። ተጫዋቾቹ ሁለት ደቂቃ ዝም አሉ፣ ዲኤሙ ተጨነቀ፣ ባሻ «ቃሉ ይሄ ነው» አለ። ማይኩን ወሰደ! ይልቅ ባሻ ግማሹን ብቻ ይወቅ፦ «አያቴ እዚህ በር ላይ ጨው ይበትኑ ነበር፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።» ጨዉን አውጥቶ የሚበትነው ተጫዋቹ ይሁን። ሁለት ኤንፒሲዎች እርስ በርስ ሲያወሩ ደግሞ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አትሂዱ፣ ቀሪውን «ተከራከሩና ተስማሙ» ብላችሁ ዝጉት።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዚሁ ጨዋታ ደንብ ነው። አጃቢው ከኤክስፒው ግማሽ ድርሻ ብቻ ያገኛል። ካሪዝማው (ሰው የመሳብ ችሎታው) መካከለኛ የሆነ ተጫዋች ከአራት በላይ መቅጠር አይችልም፣ የቀጠራቸውም ሰዎች የሞራል (የድፍረት) ቁጥራቸው 7 ነው። ባለ 6 ፊት ሁለት ዳይስ ትወረውራላችሁ፣ ከ7 ከበለጠ እግሬ አውጪኝ ብሎ ይሮጣል። ጀግና ሚዜ እንዳይበዛ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም፣ ዛሬም ከአዲሱ ደንብ ጋር ይሠራል።

አጃቢያችሁ ቀድሞውኑ ከልኩ በላይ ካበጠስ? በድራማ አትግደሉት፣ ቀብሩም ሌላ ሰርግ ይሆንበታል። ደሞዝ ጀምሩለት። በ2014ቱ ደንብ ሙያ ያለው ቅጥር በቀን 2 የወርቅ ሳንቲም ነው፣ ጉልበት ሠራተኛ 2 የብር ሳንቲም። ሦስት ቀን ክፈሉትና በአራተኛው በቅሎዋን ያግኛት። በሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ ባለሱቆች ነው፣ ዋጋ ስለማይቀንሱት።