ዓይን ወገብ ላይ!

ቅዳሜ በሬዲዮ የስልክ መስመሩ ተጨናንቆ ብዙዎቻችሁ ሳትገቡ ቀራችሁ። የመለስኩትንም ያልደረስኩበትንም እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ለማታውቁኝ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ፉትቦል ተከላካዮችን አሰለጥናለሁ። ጥያቄው በየዓመቱ ያው ነው፤ መወርወሩን ትቶ ኳሱን ይዞ የሚፈተለክ ኳርተርባክ (ጥቃቱን የሚመራው፣ ኳሱን የሚያከፋፍለው ተጫዋች) እንዴት ይያዛል?

የኳርተርባክ ሥራ መወርወር አይደለም እንዴ? ለምን ይሮጣል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ስለሚችል ነዋ። ላማር ጃክሰን በ2019 ለባልቲሞር ሬቨንስ 1,206 ያርድ ሮጦ ማይክል ቪክ በ2006 ያስመዘገበውን የኳርተርባኮች የአንድ ዓመት የሩጫ ክብረ ወሰን ሰበረ። እግር ካለው ምን ያስቆመዋል?

ልጄ የመከላከያው መስመር ጫፍ ላይ ነው የሚሰለፈው። ፈጣን ነው፤ ግን ኳርተርባኩ ሁሌ ያመልጠዋል። (አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

ወንድሜ፣ የሚያመልጠው ፈጣን ስለሆነ ነው። በጎን ተወርውሮ ኳርተርባኩን አልፎት ይሄዳል። ያኛው ደግሞ ልጅህ ክፍት በተወው በር ወደ ፊት ይወጣል። የበዓል በግ አምልጧችሁ ያውቃል? ሁሉም ተንጋግቶ ከሮጠበት በእግራችሁ መሃል ሹልክ ይላል። የሚያውቅበት ሰው እጁን ዘርግቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር እየተያየ፣ ቀስ እያለ ነው የሚያጠበው። አራቱ የመስመር ተከላካዮችም እንደዚያው ነው መግባት ያለባቸው። ኳርተርባኩ ከቆመበት አልፎ አይኬድም። ደግሞ ዓይን ወገብ ላይ! ትከሻው ይዋሻል፣ ዓይኑ ይዋሻል፣ እግሩም ይዋሻል። ወገቡ ግን ወደሚሄድበት ነው የሚዞረው።

አጥቂዎቹ አንዱን ተከላካይ ሆን ብለው ሳይነኩት የሚተዉት ለምንድን ነው?

ዞን ሪድ ይባላል። ኳርተርባኩ ኳሱን ሯጩ ሆድ ላይ ያስጠጋና ያንን ያልተነካ ልጅ ያየዋል። ልጁ ወደ ሯጩ ከገባ ኳሱን መልሶ ይመዝና ራሱ በውጭ በኩል ይሮጣል። ካልገባ ለሯጩ ይለቅለታል። ማንም ሳይነካው አንድ ሰው ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው። መድኃኒቱ ሥራ መለዋወጥ ነው። የጫፉ ልጅ አውቆ ወደ ሯጩ ይገባል፣ ላይንባከሩ (ከመስመሩ ኋላ የሚቆመው ተከላካይ) ዞሮ በውጭ ይጠብቃል። ኳርተርባኩ በሩ ተከፈተልኝ ብሎ ሲወጣ ሰው ቆሞ ያገኛል። በየጨዋታው ካደረጋችሁት ግን ይነቃባችኋል።

አንድ ሰው ኳርተርባኩን ብቻ የሚከታተል "ሰላይ" አድርጎ መመደብ አይበቃም?

ሰላዩ የሚደርስበት ከሆነ። በጥር 2019 ቻርጀርስ ከባዶቹን ላይንባከሮች ከሜዳ አስወጥቶ ሰባት ፈጣን የኋላ ተከላካዮች አሰለፈና ሬቨንስን 23 ለ 17 አሸነፈ። በዓመቱ ደግሞ ታይታንስ ላማርን 143 ያርድ አስሮጦት 28 ለ 12 አሸነፈ። ግን በወሳኙ አራተኛና የመጨረሻ ሙከራ፣ አንድ ያርድ ብቻ ሲቀረው ነበር ያቆሙት። ስለዚህ ያርድ እየቆጠራችሁ አትደንግጡ።

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። የሚሮጠውን ኳርተርባክ አጎንብሶ በሄልሜቱ ነው የሚገጨው። ሁሌ ይጥለዋል። ቪዲዮ ልኬልሃለሁ፣ ጎበዝ አይደል? (አጎት፣ ከላንግሊ ፓርክ)

አየሁት። ሦስቴ አየሁት። ደስ አላለኝም።

ሄልሜት የሚጠብቀው ጭንቅላትን እንጂ አንገትን አይደለም። ልጁ ሲያጎነብስ የአንገቱ አጥንት እንደ ዱላ ቀጥ ይላል። ግጭቱ የሚያርፈው በዚያ በቀጥታ በተደረደረ አጥንት ላይ ነው። በዚህ ጦስ ከአንገት በታች ሽባ ሆነው የቀሩ ልጆች አሉ። ለዚህ ነው በሁለተኛ ደረጃና በኮሌጅ ከ1976 ጀምሮ በጭንቅላት መግጨት የተከለከለው። የባለሙያዎቹ ሊግ ኤንኤፍኤልም በ2018 ደንቡን አጥብቆ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ የገጨን 15 ያርድ ይቀጣል። "ወንድ ልጅ ነው፣ ይለምደዋል" የምትሉ አጎቶች፣ እባካችሁ! አንገት አይለምድም።

ለጨዋታውም አይጠቅም። ሣር የሚያይ ልጅ ኳርተርባኩ ሲታጠፍ አያይም። ኳርተርባኩ በእግሩ ተንሸራቶ ቁጭ ካለ ደግሞ ጨዋታው እዚያው አብቅቷል። ያንጊዜ አጎንብሶ የመጣ ልጅ ራሱን የሚያገኘው ከሰውየው ፊት ጋር ነው። ትክክለኛው ዓይን ወገብ ላይ፣ ደረት ቀና፣ ጭንቅላት ወደ ጎን ነው። ትከሻ ይቀድማል፣ እጅ ያቅፋል፣ እግር አይቆምም።

ሌላም ነገር አየሁ። ከሁለተኛዋ ግጭት በኋላ ልጁ ተነስቶ ቀኝ እጁን ያራግፋል፤ ውሃ እንደነካው ሰው። አንተ አላየኸው ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱ ማራገፍ ብዙ ጊዜ ከአንገት የሚወርድ ነርቭ ተጎድቶ እጅ ሲያቃጥል ወይም ሲደነዝዝ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ አይደለም። ከመጪው ጨዋታ በፊት፣ ከልምምዱም በፊት፣ ሐኪም ይየው።

ልጄ ተጋጭቶ ራሱን አሞት ነበር፤ አሁን ደህና ነኝ ይላል። ዓርብ ይጫወት? (እናት)

አይጫወትም እህቴ። ሜሪላንድ ውስጥ በጭንቅላት ጉዳት የተጠረጠረ ልጅ የሐኪም ፈቃድ በጽሑፍ ሳያመጣ አይመለስም። ደህና ነኝ የሚለው ልጅሽ ሐኪም አይደለም። እኔም አይደለሁም።

የዋሽንግተን ኮማንደርስ ደጋፊ ነኝ። ኳርተርባካችን ጄይደን ዳንኤልስ ሲሮጥ ሜዳው ለምን ባዶ ይሆንለታል?

ተቀባዮቹን ሰው በሰው ስለሚይዟቸው ነው። ተከላካዮቹ ተቀባዮቹን እየተከተሉ ለእሱ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ሮጦ አሥር ያርድ ሲያልፍ ገና አልሰሙም። በ2024 ገና ጀማሪ ሳለ 891 ያርድ ሮጧል። ዞን ሲይዙ፣ ማለትም እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ሲጠብቅ ግን፣ ፊታቸው ወደ እሱ ነው፤ የሚያዩትም… አሁን ታውቁታላችሁ።

ኮች፣ ያንተ ልጆችስ ያቆሙታል?

ባለፈው ዓርብ አላቆሙትም። ጫፍ ላይ ያለው ልጄ ኳርተርባኩን አልፎት ሄደ። ነግሬው ነበር።