አልጋ ሞልቷል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው። ቤት ቴሌቪዥኑ ያንባርቃል። ዝናብ ከሰማችሁ ዝናብ ነው፣ ማይኩ አልተበላሸም።

አትላንታ የመጣሁ ሰሞን ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የምሰራው። መኪና የለኝም። ከክላርክስተን በአውቶቡስ ኢንዲያን ክሪክ እደርስና ሰማያዊውን መስመር ባቡር እይዛለሁ። በሩ ሊዘጋ ሲል የተቀዳ ድምፅ «ወደ ሃሚልተን ኢ. ሆምስ» ይላል። በየቀኑ። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ስሙን አንድ ላይ ገጥሜ «ሃምልተኒሆምስ» ነበር የምለው። እኔ ፋይቭ ፖይንትስ እወርዳለሁ፣ ባቡሩ ይቀጥላል። የሰፈር ስም መስሎኝ ኖርኩ። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ «ሜክሲኮ ወራጅ አለ» ስትል ስለ ሜክሲኮ ታስባለህ? አታስብም። እንደዚያ።

ስንት ዓመት አለፈ። ባለፈው ነሐሴ ልጄ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ገባች። አቴንስ ነው፣ የግሪኳ ሳትሆን የኛዋ፣ ከቤታችን አንድ ሰዓት ከምናምን። ዕቃዋን ጭነን በ78 አውራ ጎዳና ወጣን። ስቶን ማውንቴን ስር አለፍን። ታውቁታላችሁ፣ ለባርነት የተዋጉት ሦስት ሰዎች ተራራው ላይ ተቀርጸው በፈረስ የሚታዩበት። ክላርክስተን የኖረ ሰው ቅዳሜ ስፖርት የሚሰራው እዚያ ነው። ይለመዳል።

ግቢው በር ላይ ባለ ሦስት ምሰሶ የብረት ቅስት አለ። ከ1850ዎቹ ጀምሮ የቆመ ነው። ልሻገር ስል ልጄ ክንዴን ያዘች። «አባዬ፣ እኔ በሱ ስር አላልፍም!» አዲስ ተማሪ ከስሩ ካለፈ አይመረቅም ይባላል። እኔ ምኔ ተማሪ ነው፣ አለፍኩ። እሷ በጎን ዞረች። ትንሽ እንደሄድን አንድ ነጭ ምሰሶ ያለው የድሮ ህንፃ አየሁ። ስሙን አነበብኩ። ሆምስ-ሃንተር።

«ይሄ የባቡሩ ሰውዬ ነው እንዴ?» አልኳት። ሳቀችብኝ። «አባዬ፣ የባቡሩ ሰውዬ ምን ማለት ነው?»

ዶርሟ ብረምቢ ሆል ይባላል። ረጅም ፎቅ ነው፣ ሊፍቱን ስንጠብቅ ግማሽ ቀን ሄደ ማለት ይቻላል። አልጋውን ማንጠፍ የኔ ስራ ሆነ። የዶርም አልጋ ጠባብ ነው፣ ግን ከተለመደው ይረዝማል። የገዛሁት አንሶላ አጠረ። በራስጌ በኩል ስጎትተው ከግርጌ ብድግ፣ ከግርጌ ስጎትተው ከራስጌ ብድግ። ልጄ አፍራ «ተወው በቃ» ትላለች። እኔ እልህ ይዞኛል። ይሄን አንሶላ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ማታ ተመልሼ ስለዚያ ህንፃ ማንበብ ጀመርኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው።

ዩኒቨርሲቲው በ1785 ነው የተፈቀደው። በአሜሪካ በክልል መንግስት ቻርተር የተቋቋመ የመጀመሪያው ነው። ማስተማር የጀመረው በ1801 ነው። ከዚያ እስከ 1961 ድረስ አንድም ጥቁር ተማሪ አልተቀበለም። የጥቁር ግብር ይቀበላል፣ ጥቁር ያጸዳል፣ ያበስላል። መማር ከፈለገ ግን የጆርጂያ መንግስት ገንዘብ ሰጥቶ ሌላ ክልል ይልከዋል። አስቡት፣ እንዳትማር ይከፈልልሃል። በ1950 ሆራስ ዋርድ የሚባል ልጅ ለህግ ትምህርት አመለከተ። ከለከሉት። ከሰሰ። ጉዳዩ ሊታይ ሲል ለውትድርና ተጠራ። ተመልሶ ሲመጣ ክሱ በ1957 ውድቅ ሆነ፣ እስከዚያ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል ተብሎ። ዋርድን አትርሱት፣ ይመለሳል።

በ1959 ሁለት የአትላንታ ልጆች አመለከቱ፣ ሃሚልተን ሆምስና ሻርሌይን ሃንተር። ሁለቱም ከተርነር ሃይስኩል። እሱ የክፍሉ አንደኛ ነው። እሷ ሦስተኛ፣ የትምህርት ቤቱ ጋዜጣ አዘጋጅ። ሆምስ ከታጋይ ቤት ነው የወጣው። አባቱ ጎልፍ ተጫዋች ነበሩ፣ አትላንታ የጎልፍ ሜዳዎቿን ለጥቁር እንድትከፍት ከሰው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰው በ1955 አሸንፈዋል።

ዩኒቨርሲቲው ምን ብሎ መለሰ መሰላችሁ? ጥቁር ናችሁና አትገቡም አላለም። ዶርም ሞልቷል አለ። አልጋ የለም። አንደኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ የግድ ዶርም ማደር አለበት። አልጋ ከሌለ ትምህርት የለም፣ አለቀ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያመለክቱ፣ አሁንም ሞልቷል። እንደገና፣ ሞልቷል። ሆምስ እዚሁ አትላንታ ሞርሃውስ ኮሌጅ ገባ፣ ሃንተር ዲትሮይት ሄደች። ግን ማመልከቻውን አላቆሙም።

እኔን ያስቆመኝ ይሄ ነው። ስድብ ቢሆን ይገባኛል። ስድብን ለጠበቃህ ትናገራለህ፣ ለጓደኛህ ትናገራለህ። «አልጋ ሞልቷል» የሚል ትህትና የተሞላ ደብዳቤ ግን ምን ታደርገዋለህ? እኔ እዚህ እንደመጣሁ በስልክ «አለ፣ ና» ያሉኝ አንድ አፓርትመንት ነበር። በሃያ ደቂቃ ደረስኩ። ሰውዬው አየኝና «ውይ፣ አሁን ተያዘ» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው። ውሃም ጋብዞኛል። እስከ ዛሬ እውነቱን ነው ወይስ ውሸቱን አላውቅም። ጥበቡ እሱ ላይ ነው። አንተ ራስህን እንድትጠራጠር ያደርግሃል።

ልጆቹ ግን ጠበቃ ያዙ። ከኒው ዮርክ ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊ መጣች፣ ሴት፣ ጥቁር፣ ፍርድ ቤት የምታንቀጠቅጥ። ከአትላንታ ዶናልድ ሆሎዌል። ታክሲ የምትነዱ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ የድሮው ባንክሄድ መንገድ ዛሬ በሱ ስም ነው የሚጠራው። ከነሱ ጋር ገና ከህግ ትምህርት የወጣ ቨርነን ጆርዳን የሚባል ልጅ፣ በኋላ የክሊንተን የቅርብ ሰው የሆነው። አራተኛው ሆራስ ዋርድ ነው! ያ የተከለከለው ልጅ፣ ሌላ ቦታ ህግ ተምሮ፣ የከለከለውን ዩኒቨርሲቲ ሊሞግት ተመለሰ። ይሄን ሳነብ ብቻዬን «እሰይ» ብያለሁ፣ ባለቤቴ ቀሰቀስከኝ ብላ ተቆጥታለች።

ጠበቆቹ የሬጅስትራሩን ፋይል አገላበጡ። አንድ በአንድ፣ ወረቀት በወረቀት። ጆርዳን ሲፈልግ አንድ ፋይል አገኘ። እንደ ሃንተር ከሌላ ኮሌጅ የምትዛወር ነጭ ልጅ፣ ለሃንተር ቦታ የለም በተባለበት ጊዜ፣ ተቀብለዋታል። አልጋው ነበረ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ሆምስን ለቃለ መጠይቅ ጠርተውት ነበር። ሴተኛ አዳሪ ቤት ሄደህ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠይቀውታል። የክፍሉ አንደኛ የወጣ፣ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ነው። ነጮቹን አመልካቾች እንደዚያ አይጠይቁም። ከዚያ በኋላ ብቁ አይደለም አሉት።

ችሎቱ በታህሳስ 1960 አቴንስ ላይ ተቀመጠ። በኛ 1953፣ ያ አዲስ አበባ የነመንግስቱ ንዋይ ግርግር የነበረበት ታህሳስ ነው። በዚያው ወር ነው ጆርጂያ ስለ ዶርም አልጋ የምትከራከረው። ዳኛው ዊሊያም ቡትል፣ ነጭ፣ የጆርጂያ ሰው፣ ጃኑዋሪ 6 ቀን 1961 ፈረደ። ይግቡ አለ። ለኛ የገና ዋዜማ መሆኑ ነው።

አገረ ገዢው ኧርነስት ቫንዲቨር አንድም ጥቁር ልጅ ከነጭ ጋር አይማርም ብሎ ነው የተመረጠው። ጥቁርና ነጭ አብረው ለሚማሩበት ትምህርት ቤት በጀት የሚከለክል ህግ ነበር። ህጉን ቢከተል ዩኒቨርሲቲውን ሊዘጋ ነው። የጆርጂያ ሰው ፉትቦሉ ከሚቀርበት... እሱን ልተወው። ብቻ መጨረሻ ላይ ህጉን ራሱ አስሻረው።

ሰኞ ጃኑዋሪ 9 ተመዘገቡ። ሆምስ ከተማ ውስጥ አንድ ጥቁር ቤተሰብ ጋር አረፈ። ሃንተር ግን ዶርም ተሰጣት። አልጋ ተገኘ! ሴንተር ማየርስ የሚባል ህንፃ ውስጥ፣ ምድር ቤት፣ ብቻዋን። ሌሎቹ ሴቶች በሙሉ ፎቅ ላይ ናቸው። ማታ ማታ ተራ እየገቡ ወለሉን ይደበድቡባታል።

ረቡዕ ማታ ቅርጫት ኳስ ነበር። ቡድናቸው በጆርጂያ ቴክ ተሸነፈ። ከዚያ ከሺህ የሚበልጥ ሰው ዶርሟ ስር ተሰበሰበ። ጡብና የኮካ ጠርሙስ መስኮቷን ሰብሮ ገባ። ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። ጭሱ ፎቁ ውስጥ ስለገባ ሴቶቹ አንሶላ ቀይሩ ተባሉ። በዚያው ሌሊት ዲኑ መጥቶ ሃንተርን ለደህንነትሽ ሲባል ታግደሻል አላት። ደብዳቤው ራሱ ያው ቋንቋ ነው፣ ላንቺው ብለን። ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ልጃገረዶቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። አንዷ ሳንቲም ወረወረችላት። ኩዋርተር፣ ሃያ አምስት ሳንቲም። «ሻርሌይን፣ ሂጂ አንሶላዬን ቀይሪልኝ» አለቻት።

እኔ ይሄን ባነበብኩበት ቀን ምን ሳደርግ ነበር የዋልኩት? የልጄን አንሶላ ስጎትት።

እዚያ ላይ ስልኬን አስቀምጬ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ።

ለሊቱን ፖሊስ ሁለቱንም አትላንታ አደረሳቸው። ከአራት መቶ በላይ መምህራን ይመለሱ ብለው ፈረሙ፣ ይሄም ይጻፍላቸው። ዳኛው እንደገና አዘዘ፣ በሳምንቱ ተመለሱ።

ሆምስ ግቢውን አልወደደውም። በየሳምንቱ መጨረሻ አትላንታ ይሄዳል። ፉትቦል የሚችል ልጅ ነበር፣ አላጫወቱትም። በ1963 በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ፣ ኤመሪ የህክምና ትምህርት ቤት የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፣ የአጥንት ሐኪም ሆነ፣ ግሬዲ ሆስፒታል ሰራ። ግሬዲን የማያውቅ አበሻ አለ? በ1995 በ54 ዓመቱ አረፈ። ሃንተር ጋዜጠኛ ሆነች። ኒው ዮርክ ታይምስ፣ የህዝብ ቴሌቪዥን፣ በኋላ ጆሃንስበርግ ለሲኤንኤን። በ1988 ዩኒቨርሲቲው የምርቃት ንግግር እንድታደርግ ጠራት።

ደግሞ አንድ የተረሳች አለች። ሜሪ ፍራንሲስ ኧርሊ። የአትላንታ የሙዚቃ አስተማሪ ነበረች፣ እሷም የተርነር ልጅ። ክረምት ክረምት ሚሺጋን ማስተርሷን ትማራለች። ረብሻውን ስታይ ትታው እዚህ ተዛወረች፣ ሁለቱ ልጆች ብቻቸውን እንዳይሆኑ። በነሐሴ 1962 ተመረቀች። ማለትም ከሁለቱ በፊት፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር እሷ ናት። አርባ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው ዩኒቨርሲቲው ያስታወሳት። ዛሬ የትምህርት ኮሌጁ በስሟ ነው።

አሁን ወደ ብረምቢ ልመለስ። ልጄ የምትተኛበት።

ግቢው ጎን ሊነንታውን የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነበር። ሃምሳ ያህል ቤተሰብ። ብዙዎቹ የራሳቸው ቤት ነበራቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከተማውና ዩኒቨርሲቲው ሰፈሩን አነሱት። ስራው በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስም በኛ ቋንቋ «መልሶ ማልማት» ነው። የልማት ተነሺ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ቦታው ላይ ሦስት ዶርሞች ተሰሩ። ክሬስዌል፣ ረስል፣ ብረምቢ።

ዶርም ሞልቷል ያሉት ሁሉም ውሸት አልነበረም ማለት ነው። ተማሪው በዝቷል፣ አልጋ በእርግጥም ያስፈልጋቸዋል። ለሁለት ጥቁር ልጆች አልጋ የለም ባሉ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሃምሳ ጥቁር ቤተሰብ መኝታ አፍርሰው አልጋ ዘረጉ። የሊነንታውን ልጆች አርጅተው ዝም አላሉም፣ በ2021 ከተማው በይፋ ይቅርታ ጠየቃቸው።

ለልጄ ደወልኩላት። ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «አባዬ፣ ሩምሜቴ ተኝታለች፣ ነገ ልደውልልህ» አለችኝ። በማግስቱ ደወለች። ስለ ሊነንታውን አንብባ ነበር። ካነበበችው ይልቅ ያናደዳት ግን ቤቱ የት ጋ እንደነበር አለማወቋ ነው። «እኔ ክፍል ስር ሳሎን ይሁን ጓሮ አላውቅም» አለችኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። አንሶላው እንዴት ሆነ አልኳት። ለውጬዋለሁ አለች።

ባለፈው ማክሰኞ እረፍት ነበርኩ። ኢንዲያን ክሪክ መኪናዬን አቆምኩና ባቡር ያዝኩ። ፋይቭ ፖይንትስ ሲደርስ ልማድ ሆኖ ተነሳሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ሄጄ አላውቅም ነበር። መጨረሻው ጣቢያ ስደርስ ወረድኩ። አውቶቡሶች ተደርድረዋል። ሰፊ ፓርኪንግ። የሆስፒታል ልብስ የለበሰች ሴት አውቶቡስ ትጠብቃለች፣ አንድ ልጅ ከቦርሳው ቺፕስ ይበላል። ስሙ ሰሌዳው ላይ አለ። ቆሜ አነበብኩት፣ ለያይቼ። ሃሚልተን። ኢ። ሆምስ።

ባቡሩ ሊመለስ በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ገባሁ።

በሉ፣ ዝናቡም በረታ፣ ልጨርስ። ሊነንታውን ያደገ ሰው የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ፣ ልጄ መጠየቅ ትፈልጋለች። ሰላም እደሩ።