ከተኳሹ ጎን የቆመው ሰው ጆሮ

የተከበራችሁ የአደን ባለሙያዎች፣ ዱካ ፈላጊዎችና የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኞች፣

ከባሌ፣ ከአርሲና ከደቡብ ኦሞ ድረስ መጥታችሁ እዚህ መስቀል አደባባይ አጠገብ በመገናኘታችን እጅግ ደስ ብሎኛል። በአደን ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ፍሬን፣ ማለትም ርግጫ የሚቀንስ ባለ ቀዳዳ ቱቦ፣ እናስገጥም ወይስ አናስገጥም የሚለው ጥያቄ ሲያዩት የመሣሪያ ጉዳይ ይመስላል። ለእኔ ግን የሰው አካል ጉዳይ ነው።

አስቀድሜ ለፍሬኑ ጥቅም ልመስክር። ጥይቱን ተከትሎ የሚወጣውን የባሩድ ጋዝ በቀዳዳዎቹ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ያዞረዋል፤ የጠመንጃው ርግጫም ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የተባለውን ኃይለኛ የአደን ጥይት የተኮሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ትከሻው ይነግረዋል፤ ርግጫው የተለመደውን የአደን ጥይት፣ የ.30-06ን፣ እጥፍ ይጠጋል። ርግጫ የሚፈራ ተኳሽ ቃታውን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እንስሳውም ቆስሎ ያመልጣል። የቆሰለ የደጋ አጋዘን አስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲሰወር ያየ ሰው ይህን አቅልሎ አይመለከተውም።

ጋዙ ግን የሚሄድበት አለው። ተኳሹ ጠመንጃውን ባለ ሦስት እግር ምርኩዝ ላይ አሳርፏል። ዱካ ፈላጊው ከጎኑ፣ ግማሽ እርምጃ ቀደም ብሎ፣ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሣ «ሁለተኛው ነው፣ ከቁጥቋጦው በስተግራ» እያለ ያንሾካሽካል። የእንስሳውን ኮቴ ለመስማት ጆሮውን አልሸፈነም። ፍሬኑ የሚተፋው በዚህ ሰው ፊት ላይ ነው። ቅጠሉ ይርገፈገፋል፣ አቧራው ይነሣል፣ ሰውየው ሁለት እጁን ወደ ጆሮው ይሰዳል፤ ጉዳቱ ግን ቀድሞታል።

ድንገተኛ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ካለፈ በአንድ ጊዜ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። የአደን ጠመንጃ ያለ ፍሬንም 160 አካባቢ ይደርሳል። ፍሬን በተኳሹና በአጠገቡ ባለው ሰው ጆሮ ላይ ከ5 እስከ 10 ዴሲቤል ሊጨምር ይችላል፤ የ10 ዴሲቤል ጭማሪ ደግሞ አሥር እጥፍ ኃይል ማለት ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። እንግዳው አዳኝ ጥቂት ተኩሶ አገሩ ይገባል፤ ዱካ ፈላጊው ግን የእንግዶቹን ሁሉ ተኩስ ይሰማል፣ እንጀራውም በጆሮው ነው። ይህ ግፍ ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

ስለዚህ አቋሜ በአደን ላይ ፍሬን አይኑር የሚል ነው። ርግጫ የበዛበት ሰው መጀመሪያ ሰደፉ በልኩ መሆኑን፣ ጫፉ ላይም ለስላሳ ጎማ መኖሩን ይመርምር። በ.30-06 ተረጋግቶ የሚመታ አዳኝ ይበልጥ በሚራገጠው በ.300 ዊንቸስተር ማግነም ዓይኑን ከሚጨፍነው እጅግ ይሻላል። ፍሬኑን የሚወድ በዒላማ ሜዳ፣ ጆሮው ውስጥ ድፋን፣ በላዩም ሽፋን አድርጎ ይለማመድበት። ወደ አደን ሲወጣ ይፍታው፤ ፍሬኑ ሲነሣ ጥይቱ የሚያርፍበት ነጥብ ሊለወጥ ስለሚችል ካምፕ ሲደርስ ዒላማ ላይ እንደገና ይሞክር።

የማይፈታ ፍሬን ያለው እንግዳ ከመጣ፣ ለዱካ ፈላጊው፣ ለተሸካሚውና ለጥበቃ ሠራተኛው የጆሮ መከላከያ ሳይሰጥ፣ ሁሉም ከተኳሹ ጀርባ ሳይቆም ቃታ አይሳብ። ከሚቀጥለው የአደን ወቅት ጀምሮ ለእንግዶቻችን በምንልከው የዝግጅት ደብዳቤ ላይ ይህን ቅድመ ሁኔታ እንድንጽፍ እጠይቃችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።