ባንዲራዋ የተገለበጠባት ባለወርቅ

እንደምን አመሻችሁ። መቀመጫ ያጣችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ እዚህ ቦታ አለ።

ስለ አንዲት ፈጣን ሴት ተናገር ስባል አዘጋጆቹ በልባቸው ደራርቱን ወይም ጥሩነሽን እንደጠበቁ አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ኢስቶኒያዊት ነው። ያውም ሯጭ አይደለችም፣ የሳይክል ሰው ናት። ኤሪካ ሳሉማኤ ትባላለች። የሚያውቃት እጁን ያውጣ ብዬ አላሳፍራችሁም፣ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ አላውቃትም ነበር። የምጠራቸው ዓመታት ደግሞ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ እያቋረጣችሁ እንዳትጠይቁኝ።

መጀመሪያ የምትወዳደርበትን ነገር ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ሴትዮዋ አትገባችሁም። የትራክ ሳይክል ስፕሪንት ሁለት ሰው ብቻ የሚገጥምበት ውድድር ነው። ሜዳው ቬሎድሮም ይባላል፣ ጎንና ጎኑ እንደ ሳህን ከንፈር ወደ ላይ የተቃና ክብ መንገድ ነው። ሳይክሉ ፍሬን የለውም። ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፣ እግርን አሳርፎ መንሸራተት የለም። በዚህ ላይ ታዲያ ሁለቱ ሰዎች ሲነሱ በፍጥነት የሚሄዱ እንዳይመስላችሁ! ይንቀረፈፋሉ። አንዷ ከፊት ሆና አንገቷን ጠምዝዛ ወደ ኋላ ታያለች፣ ሌላዋ ከኋላ ታደባለች። አንዳንዴ ጭራሽ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ እግር መሬት ሳይነካ፣ ሳይክሉ ላይ እንደተቀመጡ። ለምን መሰላችሁ? ከፊት ያለችው ንፋሱን ትሰብራለች፣ ከኋላ ያለችው በእሷ ጥላ ተከልላ ጉልበቷን ትቆጥባለች፣ መጨረሻ ላይ ከተከለለችበት ወጥታ ታልፋታለች። ስለዚህ ማንም መቅደም አይፈልግም። ከዚያ አንዷ ድንገት ትፈነዳለች፣ የመጨረሻው 200 ሜትር በአስራ ምናምን ሰከንድ ያልቃል። ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ያልፋል።

ቆሞ መጠበቁን እኔም ግቢያችን ውስጥ ሞክሬዋለሁ። ሦስት ሰከንድ ቆየሁ። ከዚያ በጎኔ ወደቅኩ፣ የጎረቤት ልጆች እስካሁን ሲያዩኝ ይስቃሉ።

ኤሪካ የተወለደችው በ1962 ፓርኑ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ያደገችው በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ኢስቶኒያ ያኔ በካርታ ላይ ለብቻዋ አልነበረችም፣ በ1940 ሶቪየት ኅብረት ጠቅልላታለች። ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጭ ባንዲራዋን ይዞ መገኘት ያሳስር ነበር። ስለዚህ ልጅቷ ጎበዝ ስትሆን የለበሰችው ቀዩን የሶቪየት ማሊያ ነው፣ ሌላ ምርጫም አልነበራትም።

በ1987 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ1989 ደገመችው። መሀል ላይ ደግሞ የ1988ቱ ሴኡል ኦሊምፒክ አለ። ሴቶች በትራክ ሳይክል ኦሊምፒክ ላይ ሲወዳደሩ ያ የመጀመሪያው ነው፣ የተሰጣቸውም አንድ ውድድር ብቻ፣ ስፕሪንት። ፍጻሜ ላይ የገጠመቻት የምሥራቅ ጀርመኗ ክሪስታ ሉዲንግ-ሮተንቡርገር ናት። ይህችን ሴት ለብቻዋ ሌላ ቀን አወራችኋለሁ፣ በዚያው ዓመት በክረምት ኦሊምፒክ፣ ካናዳ ካልጋሪ ላይ፣ በበረዶ ስኬቲንግ ወርቅ ወስዳ የመጣች ጉድ ናት! በአንድ ዓመት ውስጥ በክረምቱም በበጋውም ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘ ከእሷ ሌላ ሰው የለም። ኤሪካ አሸነፈቻት።

እኛ ይህን አላየንም። ኢትዮጵያ በ1984 ሎስ አንጀለስ አልሄደችም፣ በ1988 ደግሞ ከሰሜን ኮሪያና ከኩባ ጋር ሆና ከሴኡል ቀረች። ስንት ሯጭ በጉብዝናው ዕድሜ ቤቱ እንደቀረ ታውቁታላችሁ፣ ቁስሉን አልነካካም።

ቆይ ግን፣ በዚያው በመስከረም ወር 1988 ኢስቶኒያ ውስጥ ምን እየሆነ ነበር? ታሊን ከተማ፣ በመዝሙር ሜዳቸው፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰብስቦ የአገሩን መዝሙሮች እየዘመረ ነፃነት ይጠይቅ ነበር። ሕዝቡ በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው እኮ። አገሬው እንዲህ ሲዘምር የአገሬው ልጅ ሴኡል ላይ ወርቅ አጥልቃ ቆማ የምትሰማው የሶቪየትን መዝሙር ነው። እኔ ብሆን ምን ይሰማኝ ነበር እያልኩ ብዙ አስቤያለሁ። ወርቁ ያንቺ፣ ላቡ ያንቺ፣ ሰንጠረዡ ላይ የተቆጠረው ግን ለሌላ።

ከዚያ ዓለም ተገለባበጠች። ነሐሴ 1991 ኢስቶኒያ ነፃነቷን መለሰች። በ1992 ሰኔ የራሷን ገንዘብ፣ ክሮኑን፣ መጠቀም ጀመረች። በሚቀጥለው ወር ባርሴሎና ኦሊምፒክ ተከፈተ። የቀድሞ የሶቪየት 12 ሪፐብሊኮች በአንድ ቡድን ተሰባስበው ሲመጡ ሦስቱ የባልቲክ አገሮች፣ ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊትዌኒያ፣ በየራሳቸው ስም መጡ። ኢስቶኒያ በራሷ ባንዲራ በበጋው ኦሊምፒክ ላይ ስትታይ ከ1936ቱ በርሊን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። አስቡት፣ ሴኡል ላይ ለፍጻሜ የተጋጠሙት ሁለት አገሮች፣ ሶቪየት ኅብረትና ምሥራቅ ጀርመን፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሁለቱም የሉም። ኤሪካ ግን አለች። 30 ዓመት ሆኗታል፣ ማሊያዋ ተቀይሯል።

ፍጻሜውን ከጀርመኗ አኔት ኖይማን ጋር ገጠመች። አሸነፈች። ነፃ የወጣችው ኢስቶኒያ የመጀመሪያ ወርቅ! ከ1936ቱ የትግል ስፖርተኛ ከክሪስቲያን ፓሉሳሉ በኋላ ማንም በዚያ ባንዲራ ወርቅ አልወሰደም ነበር።

አሁን ወደ ሽልማቱ እንሂድ። ሴትዮዋ መድረኩ ላይ ወጣች። ባንዲራው ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። ነጩ ከላይ፣ ሰማያዊው ከታች። ገልብጠው ሰቀሉት! ሃምሳ ዓመት የተከለከለ ባንዲራ፣ ሰው የታሰረበት ባንዲራ፣ የዓለም ሕዝብ ፊት ሲውለበለብ ተዘቅዝቆ። የኛን እንዲህ ቢያደርጉብን በማግስቱ ቡና ቤቱ ሁሉ ምን እንደሚል አስቡት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰቃዮቹን ብዙም አልፈርድባቸውም፣ አዲስ የመጣ አገር ነው፣ ቀለሙን የለየው ሰው ጥቂት ነበር። መዝሙሩም ቢሆን ዜማው ከፊንላንድ ብሔራዊ መዝሙር ጋር አንድ ነው፣ ያላወቀ ሰው ፊንላንድ ያሸነፈች ሊመስለው ይችላል።

እኔ ግን ከሁለቱ ወርቆች አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ይህን የተዘቀዘቀውን ነው የምመርጠው። ሴኡል ላይ ባንዲራው ቀጥ ብሎ ነው የተሰቀለው፣ ነገር ግን የእሷ አልነበረም። አንዳንድ ሰው ሁለት ወርቅ ናት ብሎ ደምሮ ያልፋታል። ለእኔ ሁለቱ አይደመሩም።

ከዚያ ወርቅ አንድ ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በዚያችው ባርሴሎና፣ ከሁለት ኦሊምፒክ ቀርተን የተመለስን እኛ ደግሞ የራሳችንን አየን። ደራርቱ 10 ሺህ ሜትሩን አሸንፋ ከደቡብ አፍሪካዋ ኤላና ማየር ጋር ሜዳውን ስትዞር። ይኸው፣ አዘጋጆቹ ደስ እንዲላቸው ደራርቱንም አነሳኋት።

ኤሪካ ከዚያ በኋላም ቶሎ አላቆመችም። በ1995 ቦጎታ ላይ፣ በ33 ዓመቷ፣ በዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ ወሰደች። በ1996 አትላንታም ሄዳ ተወዳደረች፣ ያ የመጨረሻ ኦሊምፒኳ ነው።

እኔ ጨርሻለሁ። ሳይክሎቹ ውጭ ተደርድረዋል፣ ማየት የፈለገ ይይ። እንደ ኤሪካ ሳይክል ላይ ቆሞ መጠበቅ የሚያምራችሁ ግን ሄልሜት አጥልቁ፣ ደግሞ የጎረቤት ልጆች በሌሉበት ይሁን።