ኩባያው ላይ የሌለችው እናት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ የጥልፍ ሥልጠናችሁን የፈጸማችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

በእጄ የያዝኩት ኩባያ ከእንግሊዝ አገር የመጣልኝ ስጦታ ነው። እህቴ «የአንቺን ሙያ አየሁበት» ብላ ላከችልኝ። ዙሪያውን መርከቦች አሉበት፤ ሸራቸው በነፋስ ተወጥሯል፤ ፈረሶች ከመርከቡ ጠርዝ በላይ አንገታቸውን አስግገው ባሕሩን ያያሉ። መጀመሪያ ሥዕል መስሎኝ ነበር። ወደ ዓይኔ ሳቀርበው ግን የክር መስመር አየሁ። መርከቦቹ ወደ ኩባያው እጀታ ይቀዝፋሉ፤ እዚያ ይቆማሉ፤ የብስ አይደርሱም። የት ሊደርሱ እንደነበር ለማወቅ ጓጓሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የዋናውን ሥራ ፎቶግራፎች ስመረምር ኖሬአለሁ።

ሥራው በፈረንሳይዋ የባዩ ከተማ ስም ይጠራል፤ የተጠለፈው ግን እንግሊዝ ውስጥ እንደሆነ ብዙ አጥኚዎች ያምናሉ። ዘጠኝ የተልባ እግር ጨርቆች ተጋጥመው ርዝመቱ 70 ሜትር ያህል፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ያህል ሆኗል። ዋናው ታሪኩ የ1066 ዘመቻ ነው፤ ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ልጅ ሳይተካ ሞተ። የእንግሊዙ መኳንንት ሃሮልድ ዘውድ ጫነ። በፈረንሳይ ጠረፍ ያለችው የኖርማንዲ መስፍን ዊሊያም «ዙፋኑ የእኔ ነው» ብሎ ተነሣ። ዛሬ በሃሌይ ስም የሚጠራው ጅራታም ኮከብ በሰማይ ሲታይ ሰዎች አንጋጠው በጣት ይጠቁማሉ። ከባሕሩ ማዶ፣ ኖርማንዲ ውስጥ፣ ዛፍ ይቆረጣል፤ ሳንቃ ይጠረባል፤ መርከብ በገመድ ወደ ውኃ ይጎተታል፤ ሰዎች የብረት ጥሩር በእንጨት አንጠልጥለው ይሸከማሉ። ሴፕቴምበር 28 ቀን የዊሊያም ሰዎች በእንግሊዝ ጠረፍ ፔቨንሲ ላይ ወረዱ፤ ኦክቶበር 14 ቀን ሄስቲንግስ አጠገብ ሃሮልድ ተገደለ።

አሁን ወደ እኛ ሙያ ልምጣ። ጠላፊዎቹ የቅርጹን ዳር በመስመር ስፌት ከበቡት። ውስጡን ለመሙላት በዕፅዋት ቀለም የተነከረ የሱፍ ክር ጎን ለጎን ጨርቁ ላይ አስተኙ፤ በላዩ ሌላ ክር ራቅ ራቅ አድርገው አጋደሙበት፤ ያንን ደግሞ በትንንሽ ስፌት ወደ ጨርቁ አሰሩት። እኛ በተለመደው መንገድ ስንሞላ ከፊት የዋለውን ያህል ክር ከጀርባም ይውላል። በእነርሱ መንገድ ግን ክሩ ከሞላ ጎደል ፊት ላይ ይቀራል፤ ሱፍ ይቆጠባል፤ ሰፊ ቦታም ቶሎ ይሸፈናል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የፈረሶቹ እግር ነው። ወደ እኛ የቀረበው እግር በአንድ ቀለም፣ ማዶ ያለው በሌላ ቀለም ተሠርቷል። ጥላ ሳያወጡ፣ ቀለም በመለወጥ ብቻ ቅርቡን ከሩቁ ለዩ። ኩባያው ላይ ግን እግራቸው በመርከቡ ተሸፍኗል። ክሩ ከጨርቁ ከፍ ብሎ መነሣቱንም አታዩበትም፤ ጣት ሲሄድበት ልሙጥ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የጠላፊው ድካም ያለው እዚያ ነው።

ያሠራው የዊሊያም የእናቱ ልጅ የሆነው ጳጳሱ ኦዶ ሳይሆን አይቀርም ይባላል፤ የእርሱ ስም ጥልፉ ላይ ተጽፏል። የጠለፉት ሰዎች ስም ግን አንድም ቦታ የለም። በ1885 እና በ1886 በኤልዛቤት ዋርድል መሪነት ከ30 የሚበልጡ የእንግሊዝ ሴቶች ሙሉውን ገልብጠው ሲጠልፉት ግን እያንዳንዷ ከሠራችው ክፍል ሥር ስሟን በክር ጻፈች። ያ ሥራ ዛሬ በሬዲንግ ከተማ ሙዚየም ይገኛል። ግልባጭ ነው ብሎ የሚያናንቀው ቢኖር አልስማማም፤ የሠሩትን ሰዎች በስም የምናውቀው በግልባጩ ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር። ከውጊያው በፊት ሁለት ሰዎች ችቦ ይዘው ቤት ያቃጥላሉ፤ ከሥሩ አንዲት ሴት የልጇን እጅ ይዛ ትወጣለች። ከላይ በላቲን የተጻፈው «እዚህ ቤት ይቃጠላል» ይላል፤ የእርሷን ስም አይጠራም። 70 ሜትር ሙሉ ንጉሥ፣ ጳጳስና ፈረሰኛ በሞላበት ሥራ ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኔ ይህችን ሴት ሳያት መርፌውን የያዘው እጅ የሚያውቀውን ሰው እየጠለፈ እንደነበር ይሰማኛል። ማስረጃ የለኝም፤ ስሜቴን ነው የምነግራችሁ።

ኩባያው ላይ እርሷ የለችም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት በተልባ እግር ጨርቅ ላይ፣ በዚያው ስፌት፣ እናትና ልጅን ጠለፍኳቸው። ኩባያውና ጨርቁ አሁን በየረድፉ ይዞሩላችኋል። በጣታችሁ ዳስሱት፤ ከዚያም ጨርቁን ገልብጡና ጀርባው ላይ የቀረው ክር ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ እዩ።