ወደባችሁ ደህና አደረች?

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ያለፈውን ወሬ ዛሬ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፣ አልቀጥልም። ይቅርታ። ከጅቡቲ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንቴ፣ ሴትየዋ ግን ከጭንቅላቴ አልወጡም።

በባቡር መሄዴን ታውቃላችሁ። ሻንጣዬን ለቡ ባቡር ጣቢያ ረስቼ መሳፈሬንም እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳለች። እና ባልባላ፣ የጅቡቲ ከተማ ዳር ሰፈር፣ ሻይ ቤት። እማማ ነው የምላቸው፤ ልጅነታቸውን ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል። "ከየት መጣህ ልጄ?" አሉኝ።

"ከአዲስ አበባ። ወደባችንን ልይ ብዬ።"

እንዲሁ አፌ ላይ መጣ። ማንኪያቸው ብርጭቆው ውስጥ ቀጥ አለ። አንድ ሰከንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ ማማሰላቸውን ቀጠሉ፣ ሻዩን አስቀመጡልኝ።

በማግስቱ ገና ብቅ ስል፣ "ወደባችሁ ደህና አደረች?" ሳቅሁ። በሦስተኛውም ቀን፣ "ወደባችሁ ደህና አደረች?" ያን ቀን አልሳቅሁም።

እየቀለዱ ነው ትላላችሁ? እኔ እንጃ።

አያቴ ምድር ባቡር ነው የሠራው፤ ጅቡቲን "የባቡሩ ጭራ" ነበር የሚላት። ለገሃር ራሱ "ላ ጋር" አይደል፣ ከፈረንሳይኛ። እኛ ቤት ጅቡቲ አገር ሆና አታውቅም፣ የመጨረሻ ፌርማታ ናት። ፈረንሳዮቹስ? መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1862 የባህር ዳሯን ኦቦክን በ10,000 ማርትሬዛ ገዙ። ማርትሬዛ! መርካቶ ድርድር የለመደ ሰው... ተዉት።

የሚከነክነኝ "ወደባችን" ያልኩበት ቦታ ነው። ባልባላ እኮ ከሽቦው ውጪ የቀረው ሕዝብ የሰፈረባት ናት። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል በነሐሴ 1958 (በኛ ነው፣ በቀን መቁጠሪያ አትሳቁብኝ) ሲመጣ ነፃነት የሚል ሰልፍ ገጠመው፣ ደም ፈሰሰ። ከተማዋ በሽቦ ታጠረች። በመጋቢት 1959 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፣ 60 በመቶ ያህሉ ከፈረንሳይ ጋር እንቆይ አለ ተባለ፤ ብዙ ሶማሌ ግን መምረጥ አልተፈቀደለትም። የእማማ አባት በገዛ ከተማቸው በር ላይ ወረቀት እያሳዩ ነበር የሚገቡት። ይህን የነገሩኝ ስኳር እየጨመሩልኝ ነው፣ ቀና ሳይሉ።

ደግሞ ጅቡቲን የፈለገቻት ፈረንሳይ ብቻ መሰለቻችሁ እንዴ? የሶማሊያ ባንዲራ ላይ ካለችው ኮከብ አንዱ ጫፍ ጅቡቲ ነበረች። ጃንሆይም ዓይናቸውን ጥለውባት ነበር። ሰኔ 20፣ 1969 ነፃ ስትወጣ ጎረቤቶቿ ጦርነት አፋፍ ላይ ናቸው፣ ሀዲዱም በዚያው ሰሞን ተቆረጠ። አያቴ ያኔ ሥራ ፈትቶ ቤት ዋለ። ስለዚያ ወር ሲያወራ ስለ ደሞዙ ብቻ ነበር የሚያወራው። አሁን ሳስበው... አይ፣ አያቴን ምን አገባው። ልጆች ነበሩት።

ግን "ወደባችን" ማለቱን እኔ ከየት አመጣሁት?

በመጨረሻው ቀን ቀድሜያቸው "እማማ፣ ሀገርዎ ደህና አደረች?" ልላቸው ሌሊቱን ስለማመድ አደርኩ። አትሳቁ። ስደርስ ጫቱ የሚገባበት ሰዓት ሆኗል፣ መንገዱ በመኪና ጡሩምባ ተናውጧል፣ ሰው ይራወጣል። እሳቸው ብርጭቆ ያጥባሉ። ሂሳቤን ከፈልኩ። ቀና ብለው አዩኝ፣ እኔም አፌን ከፈት አድርጌ...

በቃ፣ ባቡሩ ያመልጠኛል ብዬ ወጣሁ። አላመለጠኝም። ነጋድ ጣቢያ ቁጭ ብዬ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁት።